ከአዋሽ ቆርጬ ያመጣኋቸው ሐጂ

ሰመራ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ተነስቶ በእኔ እጅ ያላለፈ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ነገ የሚሄድ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው፤ ግን እውነት ነው። ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ድረስ የሚመላለሰው ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ላይ የተለጠፈው ፊት የእኔ ሥራ ነው። መታወቂያው ላይ ዓይኑን ያጉረጠረጠው መምህርም የእኔ ሥራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው በርጩማ ላይ እያስቀመጥኩ «ቀና በል፣ ጆሮ ይታይ፣ አትሳቅ» ስል ኖሬያለሁ። ከደረት በታች ያለውን ቆርጬ እጥለዋለሁ፤ መሥሪያ ቤት ከደረት በታች ስላለው ሰው ጠይቆ አያውቅም።

ታዲያ ምን ነካህ ብትሉኝ፣ ሥልጠና ነካኝ። ከአዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ መጣና ለሦስት ቀን የጎዳና ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አስተማረን። ሰውን አስቀምጦ ማንሳት ቀረ፤ ሰው ሳያውቅ፣ በኑሮው መሃል ነው የሚነሳው። «ጎዳናው ራሱ ይነግራችኋል፣ እናንተ ማንበብ ብቻ ነው» አለን። እኔ ደግሞ ማንበብ ከተባለ ማን ይቀድመኛል! በማግስቱ ማንበብ ጀመርኩ። መኪና ሥር የተዘረረ ሾፌር አየሁና «የድካም ዘመን» ብዬ አነሳሁት። ሰውዬው ብድግ ብሎ ጮኸብኝ፤ ለካ የሚያንጠባጥብ ዘይት ሲፈልግ ነው። ባጃጅ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች ሙሽራ አይቼ «ብቸኝነት» አልኩ፤ ካሜራዬን ዝቅ ሳላደርግ ስምንት ባጃጅ ሙሉ ሰርገኛ እየጨፈረ ከኋላዋ ደረሰ። እናንተዬ፣ እኔ ተሳሳትኩ ብዬ አላሰብኩም። ጎዳናው ነው የተሳሳተው ብዬ አለፍኩት።

ባለቤቴ ዘይነባ ከባቲ አብራኝ የመጣች ናት። ሱቁን ከእኔ እኩል ታንቀሳቅሳለች፣ በምላስ ግን ትበልጠኛለች። ወንድሟ አዋሽ ሰባት ላይ ሻይ ቤት አለው፤ ልጅ ተወለደለትና ለአቂቃው ተጠራን። ከሰመራ አዋሽ ድረስ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ስንቀቀል ካሜራዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ሄድኩ። በማግስቱ ዘመድ ሁሉ ሥጋ ሲከትፍ እኔ ሹልክ ብዬ ወደ መናኸሪያው ወጣሁ።

እዚያ ነው እሳቸውን ያየኋቸው።

ሽማግሌ ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሽርጥ ያገለደሙ። ግንቡን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ ሌላውን ሽርጣቸው ሥር አጥፈውታል። አጠገባቸው ቢጫ ጄሪካን ባዶውን ጋደም ብሏል። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው መንገዱን ያያሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ያ ረቢ! ውሃ ጥሙ፣ ባዶ እግሩ፣ እንባው፣ ሁሉም በአንድ ቦታ! ቀጭ አደረግኳቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ፎቶው ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። በቀኝ በኩል ሦስት ሸክም አውራጆች ኩባያ ይዘው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ከሽማግሌው እግር ሥር ደግሞ ጥቁር የሚያብረቀርቅ አዲስ ጫማ አለ። እነዚህ ነገሮች ሐዘኑን አበላሹብኝ። ሰመራ እንደተመለስኩ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሸክም አውራጆቹን ቆረጥኳቸው፣ ጫማውንም ቆረጥኩ። ከዚያ ቀለሙን አጥፍቼ ጥቁርና ነጭ አደረግኩት፤ አሠልጣኙ ሐዘን ቀለም አይወድም ብሎናል። ስሙንም «የደረቀ ተስፋ» አልኩት።

ዘይነባ ከኋላዬ ቆማ አየችው።

«እኚህ አባት ምን ሆነው ነው?» አለች።

«አይታይሽም? ተቸግረው!»

«አናገርካቸው?»

«ፎቶ ራሱ ይናገራል» አልኳት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

«ፎቶው ተናገረ ወይስ አንተ ተናገርክለት?»

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ አልሰጥም። የሥልጠና ሰርተፊኬት ያለው እኔ ነኝ።

የሠልጣኞቹ ኤግዚቢሽን ሰመራ ላይ በአንድ አዳራሽ ተከፈተ። የእኔን ፎቶ በር ላይ ሰቀሉት፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አንዱ ባለሥልጣን ከንፈሩን መጠጠ። አንዲት እንግዳ ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ከጎን ቆሜ የሚያለቅሱትን እቆጥራለሁ። ማምሻውን አንደኛ ወጣሁና ምስክር ወረቀትና ትልቅ ፔርሙስ ተሸለምኩ። ወላሂ፣ የዚያን ቀን ቁመቴ ጨምሮ ነበር፤ የአዳራሹ በር ጠበበኝ።

ፔርሙሱን በብብቴ እንደያዝኩ ኡመር መጣ። ኡመር ከዱብቲ እስከ ሎጊያ ከብት የሚያሻሽጥ አፋር ነው፤ የልጆቹን ጉርድ ሁሉ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ፎቶው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ።

«ይሄን ሰው አውቀዋለሁ» አለ። «የገዋኔው ሐጂ ሁመድ ነው። ጎሳችን ነው። ምን ደረሰበት?»

እዚህ ላይ «እኔ እንጃ፣ ተቀምጠው አየሁ፣ አነሳሁ» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው አበቃ። ምላሴን ምን እንደያዘው ላስረዳችሁ አልችልም። ያን ሁሉ ሰው አስለቅሼ ሳበቃ «አላውቅም» ማለት ከበደኝ።

«ከብቶቻቸው አለቁ» አልኩ።

«ግመሎቹስ?»

«ግመሎቹም።»

«አንተ አየህ?»

«በዓይኔ!»

«ከራሱ አፍ ሰማህ?»

ፔርሙሱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። «ከራሳቸው አፍ» አልኩ።

«አሁን የት ነው?»

«አዋሽ፣ መናኸሪያው ግንብ ሥር። ሰውም የላቸውም።»

ኡመር ሌላ አልጠየቀም። የቀሩትን ፎቶዎች ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ወጣ።

አፋር አገር ያልኖራችሁ ምን እንዳደረግኩ ላይገባችሁ ይችላል። አፋርና አፋር ሲገናኝ እንደ እኛ «ሰላም ነው? ሰላም ነው» ተባብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ይላል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፤ ያየኸውን ካየኸው፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ለይተህ ትናገራለህ። ዳጉ ይሉታል። የሰማው ተነስቶ ይሄድና ቀጥሎ ላገኘው ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። በዳጉ የዋሸ ሰው አይደበደብም፣ አይሰደብም። ከዚያ ወዲያ ግን ወሬ አይጠየቅም። እኔ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንዲት እናት ከሎጊያ ፍየል በገመድ እየጎተቱ መጡ።

«እናቴ፣ የፍየል ጉርድ አናነሳም» አልኳቸው።

«የሐጂ ሁመድ ነው» አሉና ገመዱን በእጄ አስይዘውኝ ሄዱ።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከጎሳው አንዱ ከብቱ ሲያልቅበት የቀረው ያለውን አዋጥቶ ያቆመዋል። የሐጂው መቀመጫ የት እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ዜናውን ያመጣው ሰው ነው፤ ማለትም እኔ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ዘጠኝ ፍየል ሆኑ። አንዱን በሩ ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ እግር ጋር። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ልትነሳ መጥታ በርጩማው ላይ ፍየል ተቀምጦ አገኘችና ሳቋን መያዝ አቅቷት ተመለሰች። ከኋላ የምሰቅለው፣ ፏፏቴና አበባ የተሳለበት መጋረጃ አለኝ፤ አንዷ ነጭ ፍየል አበባውን እውነተኛ መስሏት ከታች ጀምራ በላችው። ሳባርራት ወደ ግድግዳው ዞረችና የተሸለምኩትን ምስክር ወረቀት አወረደች። «አንደኛ» የሚለው ቃል ከአፏ ጥግ ተንጠልጥሎ አየሁት። እሱንም ዋጠችው።

አሥር ሰዓት ላይ ግመል መጣች።

ዘይነባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እኚህ ሐጂ እውነት ተቸግረዋል?»

«ፊታቸውን አላየሽም?»

«ፊታቸውንማ አየሁ። አናገርካቸው ወይ ነው የምልህ!»

ግመሏ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዘይነባ ሁለታችንንም አየችና «ለዚህችም ጥቁርና ነጭ አድርግላት» ብላ ገባች።

በማግስቱ ፍየሎቹን ጭኜ አዋሽ ልወስድ መኪና እያፈላለግኩ ሳለ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ወደ ሱቁ ገቡ። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ደንበኛ ደንበኛ ነው፤ ያውም በዚያ ሁሉ ፍየል መሃል የመጣ! ካሜራዬን አነሳሁ።

«ቀና ይበሉ አባቴ። ጆሮ ይታይ። አይሳቁ» አልኳቸው።

«አልስቅም» አሉ።

በሌንሱ አየኋቸው። ጢሙ በሂና የቀላ ነው። እናንተዬ፣ ካሜራው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ያን ፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ፊት በላይ ሳየው ነው የሰነበትኩት።

«እኔ ሁመድ ነኝ» አሉ። «ይህች ልጄ አስያ ናት። ቤቴ ደጃፍ ሰው ሊያለቅስልኝ ከየአቅጣጫው መጣ። እኔ ቁጭ ብዬ ሩዝ እበላለሁ። የአጎቴ ልጅ ሩዙን አይቶ፣ ይህንንም የሰጡህ ይሆናል ብሎ ለቅሶው ባሰበት።»

አስያ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግመሏ ዞረች። ሳቋን እየታገለች እንደሆነ ትከሻዋ ያስታውቃል። ሐጂው ግን አልሳቁም፤ አልጮኹምም። ቢጮኹ በተሻለኝ።

«ንገረኝ» አሉ። «ምን አየህ?»

«እርስዎን አየሁ። ተቀምጠው።»

«ምን ሰማህ?»

አንዱ ፍየል አለቀሰልኝ።

«ምንም አልሰማሁም» አልኩ በመጨረሻ።

«ለኡመር ግን ከአፌ ሰማሁ ብለሃል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ሲወድቅ ገመድ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። አንተ የተቀባይ ፊት ሰጠኸኝ። ስሜ ከግመሎቼ ቀድሞ ይሄዳል፤ አሁን ወድቋል እየተባለ ነው የሚሄደው። መልሰው።»

ካሳ ቢሉኝ እከፍል ነበር። ስም እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው? ላቡ በጀርባዬ ወረደ፤ የሰመራ ሙቀት ነው እንዳልል ማራገቢያው ፊት ለፊቴ ነው።

ዘይነባ ናት ያወጣችኝ። «ያልተቆረጠውን አሳያቸው» አለች።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ዋናው ፎቶ በቀለሙ ወጣ። ሦስቱ ሸክም አውራጆች ወተት ጢማቸው ላይ ቀርቶ ይስቃሉ። አዲሱ ጫማ ያብረቀርቃል። አስያ ወደ ፊት ተጠጋችና ጣቷን የአባቷ መዳፍ ላይ አደረገች።

«አጉላው» አለችኝ።

አጎላሁት። ከጉንጫቸው ሥር፣ በጣቶቻቸው መሃል፣ ትንሽ ጥቁር ስልክ አለ።

«አባ» አለች፣ ድምጿ ተለውጦ፣ «ይሄ እኮ እኔ ስደውልልህ ነው። መተሐራን አለፍኩ ስልህ!»

ነገሩን ቀስ እያልኩ ሰማሁት። አስያ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ ከደጋ እየተመለሰች ነበር፤ ዱብቲ ተመድባለች። አባቷ ሊቀበሏት ከገዋኔ አዋሽ የደረሱት ከአውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ቀድመው ነው። ጄሪካኑ የግመል ወተት ነበረው፤ ለእሷ ያመጡትን ወተት «ልጄ ተመረቀች» እያሉ ለሸክም አውራጁም ለመንገደኛውም አጠጥተው ጨረሱት። ጫማውን ለዚያ ቀን ብለው ነው የገዙት፤ ጠበባቸውና አንዱን አወለቁ። የእኔ የውሃ ጥም፣ የእኔ ባዶ እግር፣ ይኸው!

«እኔ እኮ መተሐራን አልፌያለሁ ስልህ ‹እሺ፣ ነይ› ብለህ ነው የዘጋህብኝ» አለች አስያ። «አኮረፍኩህ እኮ። አውቶቡስ ውስጥ ደስ አላለውም ማለት ነው እያልኩ መጣሁ። አባ፣ አልቅሰሃል!»

«ፀሐይ ነው» አሉ ሐጂው፣ ወደ ግድግዳው እያዩ።

«ግንቡ ጥላ ሥር ነህ!»

«አዋሽ ጥላውም ፀሐይ ነው» አሉ።

አስያ እየሳቀች አለቀሰች። ዘይነባም አለቀሰች። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ መዋሸት ትቻለሁ፣ አለቀስኩ። ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰው ያስለቀስኩት በሌላ ሰው ሐዘን ነበር፤ ያውም በሌለ ሐዘን። ይህ ግን የራሳቸው ነው። አባትየው ከልጃቸው የደበቁትን ደስታ የያዘው የእኔ ካሜራ ነው። አስያ «ይህን አትምልኝ፣ ሙሉውን» ስትለኝ ፔርሙስ ከተሸለምኩበት ቀን ይበልጥ ደረቴ ተነፋ።

ሐጂ ሁመድ ግን ወደ ነገራቸው ተመለሱ። «ፎቶውን ልጄ ትወስደዋለች። ስሜን ግን አንተ ታመጣዋለህ።»

መጀመሪያ የሄድኩት ኡመር ጋ ነው። ሰላም አለኝ፤ አልተቀመጠም። ቆሞ ሰማኝ። ሐጂው እንዳልወደቁ፣ ግመሎቻቸው እንዳሉ፣ እኔ እንደዋሸሁ ነገርኩት።

«አሁንስ ከማን ሰማህ?»

«ከራሳቸው አፍ።»

«ያን ጊዜም እንዲህ ብለኸኛል» አለ። ፎቶውን አሳየሁት። ጠርዝ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው። «ይሄስ ተቆርጦ የቀረ አለው?»

መሐላ ልምል አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። ሊሰማኝ አልፈለገም። ከዚያ በኋላ ሰመራ ላይ የሚያውቁኝ አፋሮች ሁሉ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ የሚለኝ ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበት ከተማ ውስጥ በአንድ ሳምንት እንግዳ ሆንኩ። ይህ እንዲህ ያማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መላውን ያመጡት ራሳቸው ሐጂው ናቸው። የተሰጠን ፍየል መመለስ ሰጪውን ማዋረድ ነው፤ ስለዚህ የሰጠውን ሰው ሁሉ ለአስያ ምርቃት ድግስ ገዋኔ ጠሩት። ከመንጋቸው በሬ ጨመሩበት። ፍየሎቹን በኢሱዙ ጭኜ የወሰድኩ እኔ ነኝ፤ ግመሏም በእግሯ ገባች። ድንኳኑ ፊት ሐጂው ያንን ጠባብ ጫማ አድርገው ቆመው ተቀበሉን፤ ከኋላቸው ግመሎቻቸው አቧራ አስነስተው ሲገቡ ሰው ሁሉ በዓይኑ አየ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አስቆሙኝና አየሁ ያልኩትንና ያላየሁትን፣ ሰማሁ ያልኩትንና ያልሰማሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። አስያ ወደ አፋርኛ መለሰችው። ማንም አልሳቀብኝም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የምግቡ ትሪ መጣ፤ ነጯን ፍየል በዓይኔ ፈለግኳት፣ ምስክር ወረቀቴ ከእሷ ጋር ስለሆነ።

ከመሄዴ በፊት ሐጂው «አሁን አንሳኝ» አሉ። «ከእግር እስከ ራስ። ከጎኔ ያለውን ሰው አትቁረጥ።» አርባ የሚሆን ሰው በአንድ ፎቶ አስገባሁ። የስንቱ ጆሮ እንዳልታየ አትጠይቁኝ። ሁሉም ይስቃል። ሱቄ ውስጥ፣ አበባው በተበላው መጋረጃ ቦታ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ መጥታችሁ እዩት።

ባለፈው ሳምንት ነው። ሱቁ ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ እየቆረጥኩ ኡመር ገባ። ሰላም አለኝ። ይሄዳል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ኡመር በርጩማውን ሳበና ተቀመጠ።

«ምን አየህ?» አለ። «ምን ሰማህ?»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ከፊቱ ተቀመጥኩ። ሎጊያ ላይ መንገድ ሲጠገን እንዳየሁ ነገርኩት። ገዋኔ ዝናብ ጥሏል መባሉን እንደሰማሁ፣ የሰማሁትም ከሾፌር እንደሆነ፣ ሾፌሩ ግን አየሁ ይበል ሰማሁ ይበል አለመጠየቄን ነገርኩት። አስያ መንታ እንዳዋለደች ነገርኩት።

«ከራሷ አፍ?»

«ከራሷ አፍ። ትናንት ለጉርድ ፎቶ መጥታ።»

ራሱን ነቀነቀና ተነሳ። በር ላይ ወጥቼ አየሁት። ከመንገዱ ማዶ፣ ጥላው ሥር አንድ ሰው አገኘ፤ ሁለቱም ተቀመጡ። ኡመር መናገር ጀመረ፣ አንዴም ወደ ሱቄ በእጁ አመለከተ። ዘይነባ ከኋላዬ መጥታ «ካሜራህን አላመጣልህም?» አለችኝ። ተዪው አልኳት። ደረቴ ተነፍቶ በሩ ጠቦኝ ነበር። ኡመር ስለ እኔ ምን እንዳለው ግን አልሰማሁም፤ ስለዚህ አልነግራችሁም።